ውሃ ላይ አንቺ በይኝ

ፋርማሲስቷ ጀልባዋን የገዛችው አማቷ እነሱ ቤት በገቡ በዓመቱ ነው። ሁለቱን ነገር ማንም አላገናኛቸውም፤ እሷንም ብትጠይቋት «ምን አገናኘው?» ነበር የምትላችሁ። ግን ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በእግር ጣቶቿ እየተራመደች ከቤት ስትወጣ ያያት ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባው ነበር።

አማትየዋ ክፉ ሴት አልነበሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቁመታቸው አጠር፣ ድምፃቸው ረዘም ያለ፣ ሰው የሚወዱ ሴት ናቸው። በአስተማሪው ወንበር በኩል ባለው ሁለተኛ ፍሬን ላይ እግራቸውን ጭነው ስለኖሩ ተማሪዎቻቸው «እማማ ፍሬን» የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር። ስሙ እስከ ቤት ተከትሏቸው መጣ። ችግሩ ጡረታ የወጡት እሳቸው እንጂ እግራቸው አለመሆኑ ነው። ምራታቸው ሽንኩርት ስትከትፍ «ቀስ!»፣ በር ስትዘጋ «ቀስ!»፣ ሻይ ስትቀዳ «ቀስ! ቀስ!» ይላሉ። የወጥ ቤቱን መሳቢያዎች በሙሉ እንደገና አደራጅተዋቸዋል። ማንኪያ የነበረበት ውስጥ ክብሪት ገባ፣ ክብሪት የነበረበት ውስጥ መቀስ ገባ፤ የጠርሙስ መክፈቻው የት እንደገባ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ባልየው የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። እናቱንም ሚስቱንም ከልቡ ስለሚወድ፣ በሁለቱ መካከል ነገር ሊነሳ ሲል ጃኬቱን አድርጎ አምፖል ሊገዛ ይወጣል። ቤቱ ውስጥ የተከማቸው አምፖል ሰፈሩን ሙሉ ያበራ ነበር።

ጀልባዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ የሸራ ጀልባ ናት። የቀድሞው ባለቤት ጎኗ ላይ በቀይ ቀለም «ሽቅርቅር» ብሎ ጽፎባታል። አንድ ምሰሶ አላት፤ ከምሰሶው ኋላ ትልቅ ሸራ፣ ከፊቱ ትንሽ ሸራ። ነፋስ ሲገፋት ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ከሆዷ ወደ ውሃው የሚወርድ ሰሌዳ፣ ከኋላ ደግሞ መሪ። አለቀ፤ ሌላ ምንም የላትም። ፋርማሲስቷ የወደደችላትም ይህንኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ የምታነበው በዓለም ላይ በጣም ትንሹን ጽሑፍ ነው፤ ያውም ግማሹ የሐኪም እጅ ጽሑፍ። ሐይቁ ላይ ግን የምታነበው ነገር ውሃው ብቻ ነበር። ነፋሱን በጉንጯ እየለካች፣ የትልቁን ሸራ ገመድ በአንድ እጇ፣ የመሪውን እጀታ በሌላው ይዛ ስትሄድ «ቀስ!» የሚላት የለም።

እንዲህ ባለች ጀልባ ላይ አንዱ ከኋላ ሆኖ ይመራል። ሌላው ከፊት ትንሹን ሸራ ይስባል፤ ጀልባዋ በነፋሱ ስታዘነብል ደግሞ ጠርዟ ላይ ተቀምጦ ወደ ውጭ ይንጋለልና በክብደቱ ያቃናታል። ይህን የምትሠራላት የፋርማሲው ገንዘብ ተቀባይ ነበረች፤ ጠንካራ፣ ሳቂታ፣ ወሬ የማታበዛ ሴት። የመርከበኞች ክበቡ በየዓመቱ የሚያዘጋጀው፣ ደሴቲቱን ዞሮ የመመለስ ውድድር ሲቃረብ ታዲያ ገንዘብ ተቀባይዋ የእጅ አንጓዋን ሰበረች። ጀልባ ላይ እንኳን አይደለም። የሳል ሽሮፕ ከላይኛው መደርደሪያ ላውርድ ብላ ከበርጩማ ወድቃ ነው።

የዚያን ቀን እራት ላይ ፋርማሲስቷ ወሬውን ተናገረች።

«እና ውድድሩ ቀረ ማለት ነው?» አለ ባሏ።

«ደንቡ ሁለት ሰው ነው የሚለው» አለችና ትክ ብላ አየችው።

እሱ ሾርባውን አየ። ይህ ሰው መርከብ በፎቶግራፍ ሲያይ የሚያቅለሸልሸው ሰው ነው።

«እኔስ?» አሉ እማማ ፍሬን።

 ባልየው ሱቆቹ ተዘግተው እንደሆነ ለማወቅ የግድግዳውን ሰዓት ሰረቅ አድርጎ አየ። ተዘግተዋል።

«እማማ፣ ውሃ እኮ ነው» አለች ፋርማሲስቷ።

«ዋና አውቃለሁ። በልጅነቴ ወንዶቹን ነበር የማስከነዳቸው።»

«ገመድ መሳብ አለ፤ ጀልባዋ ታዘነብላለች፤ ሰውነት ይጠይቃል…»

«መሪው እንደ ድንጋይ የሚከብድ የጭነት መኪና አስተምሬበታለሁ ልጄ። ያንቺ ጀልባ በጨርቅ አይደል እንዴ የምትሄደው?»

ፋርማሲስቷ ዳቦዋን ቆርሳ መልሳ አስቀመጠችው። አማቷ የሌሉበት አንድ ቦታ ነበራት፤ አሁን እዚያም ሊገቡ ነው። «ደስ ይለኛል» አለች፣ ለደንበኛ «መድኃኒቱ አልቋል» በምትልበት ፈገግታ።

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ፍሬን የነፍስ አድን ሰደሪያቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው፣ ሰፊ ባርኔጣቸውን በክር አስረው፣ የሽቅርቅርን ዙሪያ እየዞሩ እንደ አሮጌ መኪና ገዢ መረመሯት። ጎኗን መታ መታ አደረጉ። ጎንበስ ብለው ውስጧን አዩ።

«ፍሬኗ የት ነው?»

«ፍሬን የላትም እማማ።»

«ታዲያ እንዴት ነው የምትቆመው?»

«ሸራውን ሲለቁት ነፋሱ ያመልጥና ፍጥነቷ ይቀንሳል። ወይም አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ያዞሩና ራሷ ትቆማለች።»

«በአጭሩ ፍሬን የላትም» አሉና ገቡ።

ከእንጨት መድረኩ ተላቀው እንደወጡ ነፋሱ ሸራዎቹን ሞላ፤ ሽቅርቅርም ወገቧን ሰበር አድርጋ መሄድ ጀመረች። እማማ ፍሬን የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ቀኝ እግራቸውን ወለሉ ላይ ረገጥ ረገጥ ያደርጋሉ።

«ወዴት ነው የምንሄደው?»

«ወደዚያ ወደ ትልቁ ዛፍ።»

«ዛፉ እዚያ ነው፤ እኛ እኮ ወዲህ እየሄድን ነው።»

«ነፋሱ የሚመጣው ከዛፉ በኩል ነው እማማ። ነፋስ ፊት ለፊት መሄድ አይቻልም፤ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየተጣመሙ ነው የሚደርሱት።»

«ለፈተና ቀርቦ እንዲህ የነዳልኝን ተማሪ ሁሉ ጥዬዋለሁ!»

የመዞሪያው ጊዜ ደረሰ። ጀልባዋ አፍንጫዋን በነፋሱ በኩል አሳልፋ ስትዞር፣ ከትልቁ ሸራ ግርጌ የተጋደመው ረጅም ዘንግ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይወረወራል። ያኔ ጀልባው ላይ ያለ ሁሉ ጎንበስ ማለት አለበት። ገንዘብ ተቀባይዋ ብትሆን «ዝቅ!» ይበቃ ነበር። አማት ናቸውና አልበቃም።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አሁን ስለምንዞር፣ እባክዎ ራስዎን ዝቅ ያድር…»

ጓ! አለ ዘንጉ።

ባርኔጣው ተነስቶ ውሃው ላይ አረፈ። እማማ ፍሬን ወለሉ ላይ ተቀምጠው ግንባራቸውን ያዙ። ፋርማሲስቷ ገመዱንም መሪውንም ለቃ፣ ሸራዎቹ እንደ ተሰጣ ልብስ እየተርገበገቡ፣ «ወየው እማማ! ተጎዱ? ይታይዎታል? ጣቴ ስንት ነው?» እያለች ታገላብጣቸው ጀመር።

«ተይ፣ ደህና ነኝ። ምን ልትይኝ ነበር?»

«ዝቅ ይበሉ ልልዎ ነበር።»

«እስክትጨርሺው ድረስ ቀብሬ ተፈጽሞ ሰው ተበትኗል!» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡ። «ስሚ፣ እዚህ ውስጥ አንቺ በይኝ።»

«ምን?»

«ውሃ ላይ አንቺ በይኝ። ዝቅ በይ፣ ሳቢ፣ ልቀቂ። በቃ።»

«እማማ፣ እንዴት ብዬ? አይሆንልኝም።»

«እኔ አንድ ጊዜ ሚኒስትር አስተምሬአለሁ። አደባባይ ላይ አውቶቡስ ሲመጣብን 'ፍሬን ያዝ አንተ!' ነው ያልኩት። 'ክቡር ሚኒስትር ሆይ፣ ፍሬን ቢይዙ' ብል ኖሮ ዛሬ ሁለታችንም ፎቶ ነበርን። ባርኔጣዬን አንሺልኝና እንደገና እንሞክር።»

የመጀመሪያው «ዝቅ በይ» ከፋርማሲስቷ አፍ የወጣው እንደ ሳል ነው። ሁለተኛው ትንሽ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ለራሷም አስገረማት። አንደበቷ ተፈታ። «ሳቢ! ጠበቅ አድርጊው! ልቀቂ! ወዲህ ተሻገሪ! ዝቅ በይ!» ድምፅዋ ሐይቁ ላይ እየነጠረ ሲሄድ ደረቷ ውስጥ ከዓመት በላይ ታጥፎ የተቀመጠ ነገር አብሮ የሚዘረጋ መሰላት። እማማ ፍሬንም አይከፋቸውም፤ የታዘዙትን ያደርጋሉ፣ ሲሳሳቱ ደግሞ «ድገሚልኝ» ይላሉ። ማታ ላይ መላው ሰውነታቸው እየታመመ፣ ግንባራቸው ላይ ሎሚ የምታህል እብጠት ይዘው፣ ደስ ብሏቸው ገቡ።

በዚያው ምሽት እራት ላይ ፋርማሲስቷ ስለ ነፋሱ እያወራች፣ ቀና ሳትል፣ «ጨውን አቀብይኝ» አለች፤ ወደ አማቷ።

የባልየው ማንኪያ አፉ ደጃፍ ላይ ቆመ።

እማማ ፍሬን ጨውን አቀበሉና «መሬት ነን» አሉ በእርጋታ።

«ይቅርታ እማማ!» አለች ፋርማሲስቷ፣ እስከ ጆሮዋ ቀልታ። ባልየው አንዴ ሚስቱን አንዴ እናቱን ቢያይ ሁለቱም ሳቃቸውን ለመያዝ ይታገላሉ። ምን እንደተፈጠረ ማንም አልነገረውም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ ግን የሰው እጅ እንደ ምላስ ቶሎ አይገራም። በሚቀጥለው ልምምድ ላይ ነፋሱ በረታ። ሽቅርቅር በጎኗ ተኝታ መሮጥ ስትጀምር የእማማ ፍሬን ዐይን ከትንሹ ሸራ ይልቅ የምራታቸውን እጅ ያያል። ከአፋቸው ምንም አልወጣም፤ «ቀስ!» ላይሉ ቃል ገብተዋል። እጃቸው ግን ቃል አልገባም። ጠንከር ያለ ነፋስ ድንገት ሲመጣ፣ ፋርማሲስቷ ሸራውን ለቅቃ ልታሳልፈው ስትል፣ አንዲት አጭር እጅ ብቅ ብላ የመሪውን እጀታ ይዛ ወደ ራሷ ጎተተችው።

ጀልባዋ ባልታሰበ አቅጣጫ ዞረች፤ ዘንጉ በራሳቸው ላይ አለፈ፤ ሸራው ውሃውን በጥፊ መታ። ከዚያ ሁሉም ነገር ቀዝቃዛና አረንጓዴ ሆነ።

የነፍስ አድን ሰደሪያቸው ወዲያው አንሳፈፋቸው። ሽቅርቅር በጎኗ ተጋድማ፣ ምሰሶዋ ውሃው ላይ ተዘርግቶ፣ ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ገመድ ይዘው ተንሳፈፉ። ፋርማሲስቷ መጀመሪያ አማቷ ደህና መሆናቸውን አየች። ደህና ናቸው፤ ውሃ እየተፉ ነው። ከዚያ ነው የፈነዳችው።

«ለምን ነካሽው? ለምንድን ነው የኔን ነገር ሁሉ የምትነኪው? መሳቢያዬን፣ ማንኪያዬን፣ የበር አዘጋጌን! አንድ የቀረኝ ነገር ይሄ መሪ ነበር፤ እሱንም ያዝሽው!»

ውሃ ላይ ናቸውና «አንቺ» ደንብ ነበር፤ የተባለው ግን ለመሬትም የሚተርፍ ነው። ጥቂት ማዕበል ቾክ ቾክ እያለ ጀልባዋን መታ።

«መሳቢያው ምን ሆነ?» አሉ እማማ ፍሬን።

«ምንም አልሆነም! ቦታው ላይ ነበር ሁሉም ነገር! የት እንዳለ አውቀው ነበር!»

«እኔ አላውቀውም ነበር» አሉ አማትየዋ። ባርኔጣቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ውሃ ያንጠባጥባል። «ቤቴን ዘግቼ ልጄ ቤት ስገባ፣ ማንኪያ እንኳን ጠይቄ ነው የማገኘው። ያችን ማንኪያ በጠየቅኩ ቁጥር እንግዳ መሆኔ ትዝ ይለኛል። በገዛ እጄ ሳስቀምጠው ነው የት እንዳለ የማውቀው። አንቺ ላይ ላዝዝ ብዬ አይደለም።»

 ፋርማሲስቷ ይህን አንድም ቀን አስባው አታውቅም።

«ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ ስትወጪ እሰማሻለሁ» አሉ እማማ ፍሬን። «ከኔ የምታመልጠው ወዴት ነው ብዬ ላየው ነው የመጣሁት። ሳየው ደግሞ… እውነት ነው፣ ያስመልጣል። ጥሩ ቦታ ነው።»

 ከዚያ ፋርማሲስቷ እንዲሁ ሳታስበው ሳቅ መጣባት፤ አማቷም ሲስቁ ውሃ ገባባቸው፤ ሲያስሉ ደግሞ የባሰ ሳቁ።

የክበቡ አሠልጣኝ የነፍስ አድን ሞተር ጀልባውን እያስጮኸ ደረሰ። «ላግዛችሁ?» አለ በድምፅ ማጉያው፣ አጠገባቸው ቆሞ።

«አንፈልግም!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

የተገለበጠች ጀልባ የምትነሳበት ብልሃት አለው። ፋርማሲስቷ ዞራ፣ ከሆዷ ወጥቶ በጎን በኩል በተጋደመው ሰሌዳ ላይ ወጣችና ቆመች። እማማ ፍሬን ከላይ የወረወሩላትን ገመድ ይዛ በሙሉ ክብደቷ ወደኋላ ተንጋለለች። እማማ ፍሬን በሌላው በኩል፣ ከውስጥ ሆነው፣ ጀልባዋ ስትነሳ እሷው ራሷ እንድታነሳቸው ጠርዙን ያዙ። ሸራው ውሃውን እየመጠጠ ቀስ ብሎ ተላቀቀ፤ ከዚያ ሽቅርቅር እንደ እንቅልፋም ላም ተንገዳግዳ ብድግ አለች። እማማ ፍሬንም አብረው እንደ ዓሣ ተዝረክርከው ወለሉ ላይ ገቡ።

«ከዛሬ ጀምሮ እጆቼ ላይ እቀመጣለሁ» አሉ ተጋድመው ሰማዩን እያዩ።

የውድድሩ ቀን ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ልከኛ ሆኖ ዋለ። ክበቡ ደጅ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ባልየውም መጥቷል፤ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ ነው የቆመው። ሁሉም የሚያወራው ስለ ጥርስ ሐኪሙ ነበር። ከወንድሙ ጋር በአንዲት ጥቁር ጀልባ ይወዳደራል፤ ብዙ ጊዜም ያሸንፋል። መልከ መልካም፣ ጥርሱ የሚያብረቀርቅ፣ ሰው ሁሉ የሚወደውና እሱም ይህን የሚያውቅ ሰው ነው። እማማ ፍሬን በሳምንቱ ውስጥ የውሃ ላይ መተላለፊያ ደንቡን ቁጭ ብለው አጥንተውት፣ በተለይ አንዱን ወደውታል። ሁለት ጀልባዎች ሲገናኙ፣ ነፋሱ በቀኝ ጎኗ የሚመታት ቅድሚያ አላት፤ በግራዋ የሚመታት ታሳልፋለች።

ጥሩምባው ተነፋ። ጀልባዎቹ እንደ ዳክዬ መንጋ እየተጋፉ ወጡ። ሽቅርቅር መካከል ላይ ነበረች። እስከ ደሴቲቱ ድረስ ነፋሱ ከጎን ስለነበር ነገሩ የመሮጥ ብቻ ነው፤ እማማ ፍሬን ጠርዙ ላይ ወጥተው ወደኋላ ሲንጋለሉ ባርኔጣቸው ውሃውን ይነካ ነበር። ደሴቲቱ ጀርባ ሲገቡ ግን ነፋሱ ድንገት ጠፋ። ዛፎቹና ኮረብታው ጋርደውታል። ፊት የነበሩት ጀልባዎች ሁሉ አጭሩን መንገድ ብለው ዳርቻውን ተጠግተው ነበርና፣ ሸራቸው ተንጠልጥሎ ባሉበት ቀሩ።

ፋርማሲስቷ ውሃውን አየች። ከዳርቻው ራቅ ብሎ፣ ወደ ሐይቁ መሐል፣ ላዩ ጠቆር ብሎ የሚንቀጠቀጥ ውሃ ነበር። ነፋስ አለ ማለት ነው። መሪውን ገፋችና ከሁሉም ተለይታ ወደ ውጭ ወጣች።

እማማ ፍሬን ደሴቲቱን አዩ፤ ምራታቸውን አዩ፤ ወደሌላ አገር የሚሄዱ የመሰለውን አቅጣጫ አዩ። አፋቸው ተከፈተ። ከዚያ ሁለቱን እጃቸውን ከጭናቸው ስር ከተው አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ፋርማሲስቷ ይህን አየች፤ ምን ያህል ትግል እንደጠየቀም ገባት።

ጠቆር ያለው ውሃ ላይ ሲደርሱ ሸራው ጧ ብሎ ሞላ። ሰፊውን ዙሪያ በሩጫ ዞረው ሲመለሱ፣ ዳርቻው ላይ የቀሩት ገና ሸራቸውን በእጃቸው ያራግባሉ። ከፊታቸው የቀሩት ጥቂት ጀልባዎች ብቻ ነበሩ። አሁን የሚቀረው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ፣ እየተጣመሙ፣ የመዞሪያ ምልክት የሆነውን ብርቱካንማ ተንሳፋፊ ኳስ ዞሮ መግባት ነው።

«ሳቢ! ተሻገሪ! ዝቅ በይ! ጎሽ!»

እዚያ ላይ ነው ጥቁሯ ጀልባ ከግራ በኩል የመጣችው። ሁለቱ መንገዶች ሄደው ሄደው አንድ ነጥብ ላይ ይገጥማሉ። የጥርስ ሐኪሙ ጥርሱን እያሳየ ቀጥ ብሎ መጣ፤ ሽቅርቅር ፈርታ የምትለቅለት መስሎታል። የሽቅርቅር ነፋስ ግን በቀኝ ነበር።

«ልልቀቅለት ወይስ…» አለች ፋርማሲስቷ።

«መሪሽን ያዢ!» አሉ እማማ ፍሬን። ከዚያ ወደ ጥቁሯ ጀልባ ዞረው፣ ስንት አደባባይ ያንቀጠቀጠውን ድምፅ ለቀቁት። «አንተ! ቅድሚያ የኛ ነው! አሳልፍ! አሳልፍ አልኩህ!»

የጥርስ ሐኪሙ እጁ ከአእምሮው ቀድሞ ታዘዘ። ጥቁሯ ጀልባ በድንጋጤ ዞረች፤ ወንድሙ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሽቅርቅር በኩራት አለፈች። ከዳርቻው የጭብጨባ ድምፅ ተሰማ፤ ባልየው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ ነበር።

ደስታው ነው መሰለኝ ያሳወራት። ፋርማሲስቷ ኳሷን ስትዞር ቅንጣት መንገድ እንኳን ላትፈቅድ ጠጋ፣ በጣም ጠጋ ብላ ዞረች። ከጀልባዋ ጎን ለስላሳ የመፋተግ ድምፅ መጣ። ኳሷ ትንሽ ተወዛወዘች።

ደንቡ ግልጽ ነው። ኳሷን የነካ እዚያው አንድ ሙሉ ክብ ዞሮ ነው የሚቀጥለው። ፋርማሲስቷ ዙሪያዋን አየች። አሠልጣኙ ጀርባውን ሰጥቷል። የጥርስ ሐኪሙ ገና ገመዱን እየፈታ ነው። መግቢያው ቅርብ ነው፤ ከፊታቸው ያሉት ሁለት ጀልባዎች ብቻ ናቸው።

«ማንም አላየም» አለች ዝግ ብላ።

እማማ ፍሬን በሥራ ዘመናቸው በፈተና ሜዳ የቆመ ኮን የነካ ተማሪ አሳልፈው አያውቁም። ልጃቸውን ሳይቀር ሁለት ጊዜ ጥለውታል። አሁን ግን አልጮኹም፤ እጃቸውም ከጭናቸው ስር አልወጣም።

«እኛ አይተናል» አሉ። «ግን መሪው ያንቺ ነው። የምትወስኚው አንቺ ነሽ።»

ፋርማሲስቷ ጥርሷን ነከሰች። መግቢያውን አየች። ከዚያ «ኤጭ!» ብላ መሪውን ገፋች። «ዝቅ በይ! እንዞራለን!»

ሽቅርቅር ሰው ሁሉ እያያት፣ በራሷ ዙሪያ፣ የራሷን ጭራ እንደምታሳድድ ድመት አንድ ሙሉ ክብ ዞረች። ጥቁሯ ጀልባ በአጠገባቸው አለፈች። ሌላም አንዲት አለፈች። ውድድሩን ያሸነፉት ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ ቃል ያልተነጋገሩ አዲስ ተጋቢዎች ሆኑ፤ ጠዋት ተጣልተው ነው አሉ። ሽቅርቅር አምስተኛ ገባች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወዳደር ሰው አምስተኛ ትልቅ ነገር ነው፤ እማማ ፍሬን ደግሞ ለሰው ሁሉ እየዞሩ «አምስተኛ!» ሲሉ ለሰማቸው ከአንደኛም ይበልጣል።

ሣሩ ላይ ሸራቸውን እያጠፉ ሳለ የጥርስ ሐኪሙ መጣ። ጥርሱ ዛሬ ትንሽ ያፈረ ይመስላል።

«እትዬ፣ ሲጮሁብኝ ጀልባዬ ከኔ በፊት ነው የታዘዘችልዎ» አለ። «ወንድሜ ሥራ ተቀይሮ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ነው። ከፊት የሚቀመጥ ሰው እየፈለግኩ ነበር። ቢፈቅዱ… እርስዎን ልለምን ነው የመጣሁት።»

እማማ ፍሬን ምራታቸውን አዩ። ፋርማሲስቷ ውስጧ የመጣውን ነገር ለመለየት ጊዜ ወሰደባት። ከዓመት በላይ የተመኘችው ነገር ይኸው በእግሩ መጣላት፤ አንድ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ አማቷን ይዞላት ሊሄድ ነው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስታ ግን አልነበረም፤ ቅናት ነው። ያሠለጠነቻቸውን ሰው ሊወስድባት!

«ገንዘብ ተቀባይሽ እጇ ሲድን እኔ የት እቀመጣለሁ?» አሉ አማትየዋ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሦስት ሰው አትይዝም።»

«እሱማ አትይዝም…» አለች። እርጥቡን ሸራ እንደገና አጠፈችው፤ ታጥፎ የነበረ ቢሆንም። «እማማ፣ ይሂዱ። ግን ጥቁር ጀልባ ላይ ሆነው የኛን ምስጢር እንዳያወጡ።»

«የትኛውን ምስጢር?»

«ጠቆር ያለ ውሃ ያለበትን።»

«ያንንማ አሁኑኑ ነው የምነግረው» አሉ እማማ ፍሬን፣ ተነስተው ሱሪያቸውን እያራገፉ። «እወዳደራለሁ እኮ!»

ወሩ እንዳለቀ ገንዘብ ተቀባይዋ እጇ ድኖ ወደ ሽቅርቅር ተመለሰች። ያን ቅዳሜ ነፋሱ ጥሩ ነበር፤ ፋርማሲስቷም ጫማዋን አድርጋ፣ በር ዘግታ፣ ከአማቷ ጋር በአንድ መኪና ነው የመጣችው። ሁለቱ ጀልባዎች ተከታትለው ከእንጨት መድረኩ ወጡ። ጥቁሯ ትንሽ ቀደመች፤ የእማማ ፍሬን ድምፅ እስከ ሽቅርቅር ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ሳብ እንጂ! ምን ታያለህ? ዶክተር ሆይ፣ ዝቅ በል!»

«እግዜር ይርዳው» አለች ገንዘብ ተቀባይዋ።

«እሱን እግዜር ይርዳው፤ እኛን ነፋሱ» አለች ፋርማሲስቷና መሪውን አስተካክላ ያዘች። «ትንሹን ሸራ ጠበቅ አድርጊው። ደሴቲቱ ጋ ሳይደርሱ እናልፋቸዋለን።»